ከጽኑ ሕመም የተነሣ ሰው ኀይሉን ስለሚመልስበት መንገድ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም የበሽታው አስቸኳይ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ይሁን እንጂ በሽታው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በኦክሲጅን ተረድቶ ከሞት ያመለጠ ሰውም ከሆስፒታል ወጣ ማለት ኀይሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ሰው ነው።

ጽኑ ሕመም ጡንቻን ይበላል። ኮሮና ከመምጣቱ አስቀድሞ፥ በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች የጭናቸው ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ ከመቶ 18 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ሦስት ሳምንት ተኝቶ የወጣ ሰው እስከ ደጃፉ ለመራመድ ቢደክመው፥ ስንፍና ነው ብሎ የሚፈርድበት ሊኖር አይገባም።

በዚህ ጊዜ ቤተ ዘመድ ከፍቅር የተነሣ ይሳሳታል። ገንፎውን ከአልጋው ድረስ እያቀረበ «አይነሡ፥ አርፈው ይተኙ» ይላል። መመገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራ የፈታን ጡንቻ ምግብ ብቻውን አያድሰውም። በሽተኛውም በበኩሉ አንድ ቀን ቀለል ሲለው፥ ድኛለሁ ብሎ ዳገት ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናትና፥ አየሩ ስስ ነው፤ ዳገቱ ለኋላ ይቆይ።

መጀመሪያው ከወንበር ተነሥቶ መልሶ መቀመጥ፥ ከዚያም በግቢ ውስጥ በሜዳው ላይ ጥቂት መራመድ ነው። በሚራመዱበት ጊዜ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ፥ ርምጃው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ልምምዱን በ5 ደረጃ ይከፍለዋል፤ በእያንዳንዱም ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ያሻል።

ይህ ድካም ከንቱ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በታተመ ሌላ ጥናት፥ በኮሮና ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ 3 ወር ያለፋቸው 585 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት እየተገናኘ በአሠልጣኝ መሪነት 8 ሳምንት ልምምድ አደረገ፤ የመንፈስ ማጽናኛ ምክርም አብሮ ተሰጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ ኑሮው ከሌላው ወገን የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ታምር የሚያሰኝ አልነበረም፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ በተደረገ ልምምድ የተገኘ ስለ ሆነ፥ በእኛ አስተያየት ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ልምምድ ሁሉን ሰው እኩል አይጠቅምም። አንዳንዱ ዛሬ ደኅና ተራምዶ፥ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ላለው ሰው በየሳምንቱ ልምምዱን መጨመር ይጎዳዋል፤ ሥራውን ከፋፍሎ፥ ሳይደክም አስቀድሞ ማረፍ አለበት። ስለዚህ የዛሬውን ርምጃ ልክነት የሚያሳየው የነገው ጧት ነው።

ደረቱን የሚወጋው፥ ልቡ በኀይል የሚመታበት፥ ራሱን የሚስት ወይም አንድ እግሩ ያበጠ ሰው ግን ልምምዱን ወዲያው ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ከዚህ በሽታ በኋላ ደም በሥር ውስጥ የሚረጋበት ጊዜ አለና።