የመጀመሪያውን የድምፅ ማጉያ ስለ መምረጥ



የዛሬው ንግግራችን ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የገዛ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ስለሚገጥመው ጥያቄ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጎረቤት ሳያውክ ሙዚቃ የሚሰማበት መልካም ማዳመጫ ይገዛል። ወዲያው ግን ወዳጆቹ «ይህ ማዳመጫ ያለ አምፕሊፋየር ዋጋ የለውም» ይሉታል፤ እርሱም የሌላ ብዙ ወር ቁጠባ ለማውጣት ይነሣል። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ በእርግጥ ያስፈልገዋልን? የሚያስፈልገውስ ከሆነ ምን ያህል ኃይል ያለው ነው? ይህን ሳይመረምሩ ወደ ገበያ መሮጥ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነገር ይሆናል።

አምፕሊፋየር ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ አጉልቶ፣ ማዳመጫውን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ከራሱ ምንም አይጨምርም፤ ምንም አይቀንስም። እንግዲህ ደካማ ማዳመጫን ጥሩ ያደርግልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ኃይሉ መብቃቱን ለማወቅ በማዳመጫው መግለጫ ወረቀት ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ይገባል። አንደኛው ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን የሚለካው በኦም ነው። ሁለተኛው ማዳመጫው 1 ሚሊዋት ኃይል ሲሰጠው የሚያወጣው ድምፅ ሲሆን የሚለካው በዴሲቤል ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ይህንኑ በ1 ቮልት ለክተው ይጽፋሉና የትኛው እንደ ሆነ ማስተዋል ያሻል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ኦሙ ከፍ ያለ ነውና ብርቱ አምፕሊፋየር ይሻል» ብሎ ይፈርዳል። በአንድ ምስክር ብቻ እንደ ተሰጠ ፍርድ ይህም ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ኤችዲ 600 የተባለው ማዳመጫ ተቃውሞው 300 ኦም ሲሆን በ1 ሚሊዋት 97 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። ሃይፋይማን የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤችኢ 6 ደግሞ ተቃውሞው 50 ኦም ብቻ ቢሆንም በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። ኦሙን ብቻ ላየ ሰው ሁለተኛው የቀለለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ድምፅ በ3 ዴሲቤል ከፍ እንዲል ኃይሉ ሁለት እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል ከፍ እንዲል 10 እጥፍ መሆን አለበት። በሙዚቃ ውስጥ ለቅጽበት የሚነሣው ከፍተኛ ድምፅ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ ብንሻ፣ ለመጀመሪያው 20 ሚሊዋት ሲበቃው ሁለተኛው 450 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህም ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው!

ከስልክ ጋር የሚያያዝ፣ 1 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ትንሽ አዳፕተር እንኳ ኤችዲ 600ን እስከ 102 ዴሲቤል ሊያደርሰው ይችላል። ድምፁን ለዘብ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ይህ አያንስም። ማዳመጫው 32 ኦምና 100 ዴሲቤል የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ያው አዳፕተር ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ባላችሁ መሣሪያ ሞክሩ። የድምፅ መቆጣጠሪያው መጨረሻ ላይ ሳይደርስ እንደ ልባችሁ የምትሰሙ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ይቆያችሁ፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ ድምፁ የሚያንስ ወይም የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን መግዛቱ ተገቢ ነው።

የምትገዙም ከሆነ አራት ነገሮችን ጠይቁ። አንደኛ፣ ሻጩ የሚነግራችሁ ኃይል በስንት ኦም የተለካ ነው? በ32 ኦም 1 ዋት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ቮልቱ ያው ሆኖ ሳለ፣ በ300 ኦም የሚሰጠው 107 ሚሊዋት ያህል ነው። ሁለተኛ፣ የአምፕሊፋየሩ የራሱ የመውጫ ተቃውሞ ከማዳመጫው ተቃውሞ 1/8ኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ ከ4 ኦም አይለፍ ማለት ነው። አለዚያ የድምፁ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሙዚቃ ሳይከፈት የሽውታ ድምፅ ይሰማልን? በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ ለሚሰጥ ማዳመጫ ከልክ ያለፈ ጉልበት ያለው መሣሪያ ይህን ጉድለት ያጎላዋል። አራተኛ፣ የሚሠራው በስንት ቮልት ነው? የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁን መሣሪያ ጀርባውን ሳታነቡ ብትሰኩት የብዙ ወር ቁጠባ በአንድ አፍታ ሊቃጠል ይችላል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ጆሮ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መጠን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጥሩ አምፕሊፋየር ድምፁን ሳያሻክር ከፍ ስለሚያደርግ አድማጩ አደጋውን ሳያውቀው ያልፈዋል። አምፕሊፋየር ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ በድምፅ ብዛት የተጎዳ የመስማት ኃይል ግን አይመለስም።

እንግዲህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ አስቀድማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ፤ ቀጥሎም አስሉ፤ ቢቻል ከወዳጅ ተውሳችሁ ስሙ፤ ገንዘባችሁን ከዚያ በኋላ አውጡ። አያስፈልግም የሚል መልስ ካገኛችሁም ደስ ይበላችሁ፤ ቁጠባችሁ በኪሳችሁ፣ ሙዚቃውም በጆሯችሁ ነው።