የንጉሡ እምነት የግል አባዜ ነበርን?

(በካምፓችን የማታ ትምህርት ክፍል ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በታሪክ ትምህርት ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገር ተነሥቶ ነበር። አንድ ወጣት፣ «ሰውየውን ሃይማኖት አሳብዶታል፤ ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልጋል?» አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ፣ «እንዲህ ከሆነ አጥብቆ የሚያምን ሁሉ እብድ ነው ማለትህ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ሰዓቱ ስላለቀ መልስ ሳናገኝ ተለያየን። ዛሬ አብረን እንፈልገው።

ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ነው። እምነቱ ለይስሙላ ነበር ማለት አንችልም። መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ድርሰቶች በስሙ ይታወቃሉ። ጣዖትና ጥንቆላን ከመጥላቱ የተነሣ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር አስቀጥቷል፤ በቅጣቱም የሞቱ አሉ። ይህን ብቻ ያየ ሰው «አባዜ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሌላም ገጽ አለው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖረዋል። ንጉሡ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወስኖ አስታረቃቸው። እርሱም ሰንበትን ይወድ ነበር፤ ግን ብዙ ወገን ያለበትን ግዛት በአንድ ሥርዓት ማሰርም ፈልጎ ነው። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ግን ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ሲሉ ተገረፉ፣ ተጋዙ፣ ተገደሉ። ስለዚህ በንጉሡ ዘንድ እምነቱና መንግሥቱ የተጋመዱ ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

የእነዚያን መነኮሳት ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ የመለሱልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እሳቸውም እንደ እኛ ከአገር ተሰደው ኖረው፣ በ2021 በአሜሪካ አርፈዋል። ገድሉን ያነበበ አንድ ነገር ያስተውላል፤ በእምነት ብርታት የተገረፉት ከአስገራፊው አያንሱም ነበር። ልዩነቱ አለንጋው የነበረው በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው።

እንግዲህ ለእናታችን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። አጥብቆ ማመን ብቻውን እብደት አይደለም። መጠየቅ ያለብን ሰውየው እምነቱ የሚያዘውን ከማን ይፈልጋል ብለን ነው። ከራሱ ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው። ጎረቤታችን ቢጾም ይጹም፤ የእኛ ልጅ ራሽኑን እንዳይበላ ቢከለክል ግን ያን ጊዜ ሽማግሌ እንጠራለን። በአንድ ቧንቧ የምንሰለፍ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነንና ይህን መለየት ይጠቅመናል።

እኛ መምህራንም ጥፋት አለብን። በቅርቡ አንድ ተማሪ ለጸሎት ሰዓት ፈቃድ ሲጠይቀን በጓደኞቹ ፊት ሳቅንበት። ማንንም ምንም ያላስገደደ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል አልመጣም። እነሆ አለንጋ ባንይዝም የያዝነውን ሥልጣን ተጠቅመንበታል። ትናንት ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ወንበሩን ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ እንላለን።