ግማሹ ዓመት ገና በእጃችሁ ነው

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር አንዳንድ ተማሪዎች በውጤታቸው ተደስተው፣ አንዳንዶች ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። የዛሬው ቃሌ በተለይ አንገታችሁን ለደፋችሁት ነው።

የዓመቱ ውጤት የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት አማካይ ነው። በሒሳብ 44 ያመጣ ተማሪ አሁን 66 ቢያመጣ ዓመቱን በ55 ይዘጋል። ስለዚህ ምንም አላለቀም።

ዛሬ ማታ ያለፈውን የፈተና ወረቀት አውጡ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ አንድ በአንድ እንደገና ሥሩ። ያልገባችሁን መምህራችሁን ጠይቁ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያልገባው ተማሪ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ቢከብደው አይገርምም። ወደ ኋላ ተመልሶ መሠረትን ማጠንከር ብልህነት እንጂ ውርደት አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማነሳው ላስፈራችሁ አይደለም። ዝግጅት የሚጀመረው በፈተናው ሳምንት ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል፣ ከዛሬው ትምህርት መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ወላጆችም አደራ አለባችሁ። ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ። በተለይ ሴት ልጆቻችሁን ማታ ማታ ከቤት ውስጥ ሥራ ጫና አሳርፏቸው፤ የጥናት ሰዓታቸውን አክብሩላቸው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ትናንት ያገኛችሁት ውጤት የአቅማችሁ ልክ አይደለም። ዛሬ ጀምሩ፣ በርቱ። መልካም የትምህርት ጊዜ ይሁንላችሁ!