የታወቀ ስምና የሸማኔ መወርወሪያ



ዝና በባለቤቱ ዘንድ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ እንደ ጠዋት ጤዛ ይረግፋል፤ ለሌላው እንጀራ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥር ይሰዳል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን የአዲስ አበባ ተወላጅ ወይዘሮ ሊያ ከበደ ናቸው። በሞዴልነት ሙያ ስማቸው ገንኖ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ለማስታወቂያው መረጣቸው። በ2009 ዓ.ም. በወጣው «ዴዘርት ፍላወር» በተባለው ፊልምም የሶማሊያ ተወላጅ የሆኑትን የዋሪስ ዲሪን ሕይወት ተጫወቱ።

ይሁን እንጂ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን በ2007 ዓ.ም. ያቋቋሙት «ለምለም» የተሰኘው የልብስ ድርጅት ነው። የአገራችን ሸማኔዎች ገበያ በማጣት ሙያቸውን ወደ መተው መድረሳቸውን ተመልክተው፣ በእጅ የተሸመነውን የጥጥ ልብስ ለውጭ አገር ገበያ አቀረቡ። ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያ የሚወረውረውም ሰው ሥራ አገኘ።

ነገር ግን ባሕር ማዶ የተከበረው ሸማ በገዛ አገሩ ገበያ ባለጋራ ገጥሞታል፤ ይኸውም ጥለት መስሎ በፋብሪካ የታተመው ጨርቅ ነው። ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው ይገዛዋል። የደመወዝተኛን ኪስ የማያውቅ የለምና ማንንም አንወቅስም፤ ሆኖም ገዢው የሚገዛውን ዐውቆ ይግዛ።

ስለዚህ ለዓውደ ዓመት ልብስ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በእጅ የተሠራው ጥለት ክሩ በጀርባውም በኩል ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው ይደበዝዛል። ታዋቂ ሰው በስሙ ገበያ ይከፍታል፤ ገበያው እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ግን የእናንተ የገዢዎቹ ዐይን ነው።