መንገዱ ተነጥፎ ካለቀ በኋላስ?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሥራ ላጣ ወጣት የቀን ደመወዝ መክፈልና ቋሚ ሥራ ማስያዝ አንድ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን አድርገን ሁለተኛውንም እንደ ፈጸምን እንቈጥረዋለን።

ምሳሌዬ ሩቅ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የኮብልስቶን ሥራ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እየታገዘ በከተሞቻችን ሲስፋፋ፣ ብዙ ሺህ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድንጋይ መፍለጥ፣ መጥረብና ማንጠፍ ተማሩ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁም ገቡበት፤ «ተምሮ ተምሮ ድንጋይ ጠራቢ!» ብለው የተሣለቁባቸውም ነበሩ። እኔ አልሣለቅም። ደብተሬ የተገዛው ታላቅ ወንድሜ ድንጋይ ጠርቦ ባገኘው ገንዘብ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የወንድሜ ማኅበር አሠሪው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነበር። የሰፈራችን መንገድ ተነጥፎ ሲያልቅ፣ በጀቱም ሲጠብ፣ ማኅበሩ ተበተነ። ወንድሜ በእጁ ሙያ ነበረው፤ ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀትና የሚያውቀው ሌላ አሠሪ ግን አልነበረውም። ስለዚህ እንደ ገና ከሀ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ አሳብ መጥቷል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ሠራተኛው ከሚከፈለው 20 በመቶ እንዲቈጥብና በመጨረሻ ለራሱ ሥራ መነሻ ገንዘብ እንዲያገኝ የታሰበ ነበር። ተከታዩ ፕሮግራም ደግሞ ወጣቱ አበል እየተከፈለው በድርጅት ውስጥ እስከ 6 ወር ሥራ እንዲለማመድ መንገድ ከፈተ። እዚህ ላይ ወጣቱ ነገ ሊቀጥረው ከሚችል ሰው ጋር ዛሬ ይተዋወቃል። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ሦስት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ወጣቱ ሲወጣ ሙያው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋልን? ከመንግሥት በቀር ሌላ የሚያሠራው አለን? ከአንድ ዓመት በኋላስ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አለን? «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ሪፖርት እንሰማለን፤ ዕድሉ ስንት ወር እንደ ቈየ ግን እምብዛም አይነገረንም።

ጓደኞቼ፤ ነገ አቃጅና መሐንዲስ ሆነን ሪፖርቱን የምንጽፈው እኛ ነን፤ ወይም ሥራ ፈላጊ ሆነን በሪፖርቱ የምንቈጠረው እኛው ነን። በሁለቱም ወገን ብንቆም የገባውን ብቻ ሳይሆን ጸንቶ የቀረውንም እንቍጠር።