ከመጋረጃው በኋላ የሚቀረው
(በሰቆጣ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ድልድይ ሠሪው ቢያልፍም ድልድዩ ቆሞ ይመሰክርለታል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው በተዘጋበት ሌሊት ያበቃል። ይህን ልዩነት የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ታሪክ ጐልቶ እንዲታይ ያደርገዋል።

ወይዘሮ አስናቀች በ1920ዎቹ ማለቂያ ገደማ በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ እናታቸውንም ገና በልጅነታቸው አጡ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊው ቴአትር በአገራችን ጀማሪ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም እንኳ የእናትን፣ የሚስትንና የሙሽራን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህም የሆነው ተሰጥኦ ያላት ሴት ጠፍታ ሳይሆን፣ በአደባባይ ቆማ የታየች ሴት ስሟ ይጐድፋል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ወይዘሮ አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ መድረክ ላይ ወጡ፤ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት ለመባል የበቁትም በዚሁ ነው።

የመረጡት የሙዚቃ መሣሪያም ቢሆን ከሐሜት የሚያድን አልነበረም። በገና የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር ግን የመጠጥ ቤትና የዘፈን ባልንጀራ ተብሎ ይናቅ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃልም ከሙያ ስምነቱ ይልቅ ስድብነቱ ያመዝን ነበር። እርሳቸው ግን ክራሩንም ሙያውንም አልጣሉም። በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ለረጅም ዓመታት አገለገሉ፤ በትወናቸው፣ በድምፃቸውና በክራራቸው የተመልካችን ፍቅርና አክብሮት አተረፉ።

ወይዘሮ አስናቀች የመጨረሻ ዓመታቸውን በሕመም አሳልፈው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ዜማቸው ግን አልሞተም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ አገር በታተመው «ኢትዮፒክ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ 16ኛው ቅጽ ስለ ተሰጣቸው፣ ባሕር ማዶ ያለ አድማጭ ሳይቀር ድምፃቸውን ያውቃል። ትወናቸው እንዲህ አልታደለም፤ አብዛኛው ካዩት ሰዎች ትዝታ በቀር ማኅደር የለውም፤ ትዝታውም ከባለቤቶቹ ጋር እያለፈ ነው። የአንዲት ሴት ሥራ ግማሹ ቀርቶ ግማሹ የጠፋው አንዱ በመቀረጹ፣ ሌላው ባለመቀረጹ ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ለዋግ ኽምራ ሩቅ አይደለም። ኽምጥኛና አማርኛ ጐን ለጐን በሚነገሩበት በዚህ አገር፣ ከሰቆጣ እስከ ሰሃላ፣ በሠርግ የምታቀነቅን፣ በለቅሶ ሙሾ የምታወርድ፣ ተረቱን በየሰዉ ድምፅ እየለወጠች የምታጫውት እናት አትጠፋም። መድረክ ባታውቅም ተዋናይት ናት። እርሷ ስታርፍ ግጥሟም፣ ለዛዋም፣ ምናልባት ሌላ የማያውቃቸው ቃላትም አብረው ይቀበራሉ።

የመንገድና የውኃ ሥራ ባለሙያ ወደ ቀበሌው ሲወርድ የአፈሩን ዓይነትና የወንዙን ከፍታ ሳይመዘግብ አይመለስም። በኪሱ የያዘው ስልክም ድምፅና ምስል ይቀርጻል። ፈቃዷን ጠይቆ፣ ስሟን፣ ስፍራውንና ቀኑን ጽፎ አንድ ምሽት ቢቀርጽ፣ ቅጂውንም ለቤተሰቧና ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ፣ የሚያወጣው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ማኅበሩ ይህን የአባላቱ ልማድ ቢያደርገው፣ ድልድዩ ሲቆም የዘፈነችው ሴት ድምፅም ከድልድዩ ጋር ይቆያል።