ፍሬኑ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

እሱ፦ የፍሬን ካሊፐር ዘይት አንጠባጠበ እንበል። ባለመኪናው «ሶማሌ ተራ ወርጄ ሙሉውን ልግዛ» ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ «ጎሚኒው ብቻ ይበቃል»። ማንን እንስማ?

እሷ፦ ፒስተኑ ሳይወጣ ማን አወቀ? ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ጎሚኒ ቀይሮ፣ ፒኖቹን በፍሬን ግሪስ አላልቶ መመለስ ነው። ዝገት ከበላው ግን አዲስ ጎሚኒም አይዘጋውም። ደግሞ እባካችሁ፣ ዘይቱ ጎደለ ብላችሁ የሞተር ዘይት አትጨምሩ! ጎሚኒውን አሳብጦ ሁሉንም ያበላሻል።

እሱ፦ ሰማችሁ አይደል? እሺ፣ ዲስክስ? ቶርኖ ቤት ወስደው ፊቱን ያስተካክሉታል።

እሷ፦ እሱ ላይ አልስማማም፤ ቢያንስ ሳይለካ። ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። አዲስ ሳለ 22 የነበረ፣ 20 የሚል ከተጻፈበት፣ የሚበላው 2 ብቻ ነው፤ እሱንም መንገዱ ጀምሮታል። ቀጭን ዲስክ ቶሎ ይግላል። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ድልድይ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ዘይቱ ሊፈላ፣ ፔዳሉም ወለል ሊነካ ይችላል።

እሱ፦ የኋላ ሲሊንደርስ?

እሷ፦ ርካሽ ነው፤ አትድከም፣ ቀይረው።

እሱ፦ ሸራውን በአንድ ጎን ብቻ ብቀይርስ? ኪሴ እንዲተርፍ።

እሷ፦ አይሆንም፤ ግራና ቀኙን አብረህ። አለዚያ መኪናው ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።